«ስምዎ በቻይና ሊመዘገብ ነው»፦ የድረ ገጽ ስም አጭበርባሪዎች ደብዳቤ ለምን ያስቃል፣ መቼስ አያስቅም?

ደብዳቤው «ለተከበሩ ሥራ አስኪያጅ» ብሎ ይጀምራል፤ የሥራ አስኪያጁን ስም ግን አይጠራም። ላኪው ራሱን በቻይና የሚገኝ የድረ ገጽ ስሞች መዝጋቢ ማዕከል አድርጎ ያስተዋውቃል። ቀጥሎም አንድ ስሙ ተሰምቶ የማይታወቅ ኩባንያ የተቀባዩን ድርጅት ስም በቻይና፣ በሆንግ ኮንግና በእስያ የአድራሻ ቅጥያዎች ለማስመዝገብ ማመልከቻ ማስገባቱን ይገልጻል። ማዕከሉ ኃላፊነት ስለሚሰማው ምዝገባውን ለጊዜው አቆይቶ እውነተኛውን ባለቤት ለማነጋገር ወስኗል። ይህ ኩባንያ የእናንተ ቅርንጫፍ ነውን? ስማችሁን እንዲጠቀም ፈቃድ ሰጥታችሁታልን? መልሳችሁ በአስቸኳይ ይጠበቃል።

«አናውቀውም፣ ፈቃድም አልሰጠንም» ብሎ የሚመልስ ሰው ሁለተኛው ደብዳቤ ይደርሰዋል። አሁን ድምፁ ይለወጣል። አመልካቹ በአቋሙ ጸንቷል፤ ማዕከሉም ሊከለክለው የሚችልበት መንገድ የለም፤ ሆኖም የስሙ ባለቤት ቅድሚያ ስለሚሰጠው ስሞቹን ራሱ ቢያስመዘግብ ነገሩ በዚያው ያልቃል። የዋጋ ዝርዝርም አብሮ ይመጣል፤ ዋጋው ከገበያው በእጅጉ የላቀ፣ ዘመኑም የብዙ ዓመት ነው። አንዳንድ ጊዜ «አመልካቹ» ራሱ ብቅ ብሎ፣ ስሙን ለንግዱ አጥብቆ እንደሚፈልገው፣ ወደ ኋላም እንደማይል በተሰባበረ እንግሊዝኛ ይጽፋል። መዝጋቢውም አመልካቹም የአንድ እጅ ሥራ ናቸው። አንዱ ያስፈራራል፣ ሌላው ያባብላል፤ ሒሳቡ የሚገባው ግን ወደ አንድ ኪስ ነው።

ይህ ዓይነቱ ደብዳቤ ከአሥር ዓመታት በላይ በዓለም ዙሪያ ሲዘዋወር ኖሯል። ትልልቅ ኩባንያዎች፣ የጥርስ ሐኪሞች፣ የሠርግ ፎቶ አንሺዎች፣ የበጎ አድራጎት ማኅበራት ሁሉ ደርሷቸዋል። ከዱባይ እስከ ጅዳ የካርጎ፣ የጉዞ ወኪልነት ወይም የምግብ ቤት ሥራ የጀመሩና ድረ ገጽ ያላቸው ኢትዮጵያውያንም ከተቀባዮቹ ዝርዝር ውጭ የሚሆኑበት ምክንያት የለም። ለመቀበል የሚያስፈልገው አንድ የድረ ገጽ ስምና አንድ የኢሜይል አድራሻ ብቻ ነውና።

የማስፈራሪያው አስቂኝነት የሚገለጠው የድረ ገጽ ስም በእርግጥ እንዴት እንደሚመዘገብ ለሚያውቅ ሰው ነው። ምዝገባው ቀድሞ ለመጣ የሚሰጥ ነው። ፈላጊው ስሙን ይጽፋል፣ ኮምፒውተር ስሙ አለመያዙን ያጣራል፣ ገንዘብ ይከፈላል፣ ጉዳዩ በደቂቃዎች ያልቃል። መዝጋቢ ድርጅት ገንዘብ ይዞ የመጣ ደንበኛን በር ላይ አቁሞ፣ በሌላ አገር ያለ የማያውቀውን ሰው በኢሜይል ፈልጎ ፈቃድ አይጠይቅም። እንዲህ እንዲያደርግ የሚያስገድደው ደንብ የለም፤ ሥራውም መሸጥ ነው። የደብዳቤው ታሪክ እውነት ቢሆን ኖሮ ደብዳቤው ከመጻፉ በፊት ስሙ ተሽጦ ነበር። ቤት ሊሰብር የመጣ ሌባ ዘበኛውን «ባለቤቱ ይፈቅድ እንደሆነ ጠይቅልኝ» ብሎ አይልከውም። የደብዳቤው ውሸት ከውስጡ የሚጋለጠው በዚህ ነው፤ ለማጣራት የባለሙያ እርዳታ አያስፈልግም።

በእርግጥ ለንግድ ምልክት ባለቤቶች ማስጠንቀቂያ የሚልክ ሥርዓት አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 ሥራ የጀመረው የንግድ ምልክቶች ማኅደር አዳዲስ ቅጥያዎች ሲከፈቱ፣ በማኅደሩ ውስጥ ካለ ምልክት ጋር አንድ የሆነ ስም ሲመዘገብ ለባለቤቱ ያሳውቃል። ሆኖም ይህ የሚሆነው ምልክቱን በሕግ አስመዝግቦና ለማኅደሩ ከፍሎ ለገባ ብቻ ነው። በማኅደሩ ያልተመዘገበ ምግብ ቤት እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ሊደርሰው አይችልም።

ከሁሉ የሚያስቀው ደግሞ «የኢንተርኔት ቁልፍ ቃል» የሚባለው ነው። ደብዳቤው ከድረ ገጽ ስሞቹ ጎን ይህን እንደ ትልቅ ንብረት ይዘረዝረዋል። በአንድ ወቅት በቻይና ሰዎች ረጅም የድረ ገጽ አድራሻ ከመጻፍ ይልቅ አንድ ቃል ጽፈው የሚፈልጉትን ገጽ እንዲያገኙ የቀረበ አገልግሎት ነበር። የዓለም አቀፉ የስሞች ሥርዓት አካል አይደለም። በሻርጃ የሐበሻ ልብስ የሚሸጥ ነጋዴ ይህ ቃል በሌላ ሰው እጅ ቢገባ የሚያጣው ደንበኛ የለም።

ሒሳቡንም ማስላት ይጠቅማል። ዛሬ በዓለም ላይ ከ1,400 በላይ የአድራሻ ቅጥያዎች አሉ፤ ዶት ኮም፣ ዶት ኔት፣ የየአገሩ መለያ፣ ከዚያም ከ2012ቱ ማመልከቻ በኋላ የጎረፉት አዳዲሶቹ። አንድ ድርጅት ስሙን በእነዚህ ሁሉ ላይ ገዝቶ ልጠብቅ ቢል ዓመታዊ ወጪው ከሱቁ ኪራይ ሊበልጥ ይችላል። አጭበርባሪው በቻይና፣ በሆንግ ኮንግና በእስያ ቅጥያዎች ቢያስፈራራ፣ የቀሩት አንድ ሺህ አራት መቶ ገደማ በሮች ክፍት ናቸው። ማንም ሁሉንም አይዘጋም፤ መዝጋትም አያስፈልግም። ስሙን በእውነት በክፋት የወሰደ ሰው ቢገኝ መፍትሔው ሌላ ነው። የኢንተርኔት ስሞችን የሚያስተባብረው አይካን እ.ኤ.አ. በ1999 ያጸደቀው የክርክር መፍቻ ደንብ አለ። የንግድ ምልክት ያለው ሰው በስዊዘርላንድ ጄኔቫ ለሚገኘው የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት አቤቱታ አቅርቦ፣ ስሙ በመጥፎ እምነት መመዝገቡን ካስረዳ ይመለስለታል። ለአንድ ዳኛ ችሎት ክፍያው 1,500 ዶላር ነው፤ ርካሽ አይደለም። ነገር ግን መንገዱ አለ፤ ድርጅቱ ከ2019 ጀምሮ የቻይናን ቅጥያ የሚመለከቱ ክርክሮችንም ይቀበላል። «አሁን ካልከፈላችሁ ለዘላለም ታጡታላችሁ» የሚለው ቃል ስለዚህ ሁለት ጊዜ ሐሰት ነው።

ታዲያ ይህን ያህል የተጋለጠ ውሸት ለምን አይሞትም? የማይክሮሶፍት የምርምር ክፍል ባልደረባ የሆነው ኮርማክ ኸርሊ እ.ኤ.አ. በ2012 ባቀረበው ጽሑፍ ለተመሳሳይ ጥያቄ መልስ ሰጥቶ ነበር። ጥያቄው «ከናይጄሪያ ነኝ፣ የሚሊዮን ዶላር ውርስ አለኝ» የሚሉት ላኪዎች ለምን ይበልጥ የሚታመን ታሪክ አይፈጥሩም የሚል ነበር። መልሱ፦ ደብዳቤ መላክ ወጪ የለውም፤ ውድ የሆነው ከመለሱት ሰዎች ጋር የሚጠፋው ጊዜ ነው። ስለዚህ ታሪኩ አስቂኝ በሆነ ቁጥር ብልሆቹ በመጀመሪያው መስመር ስቀው ያልፋሉ፤ የሚመልሰው እስከ መጨረሻው ሊሄድ የሚችለው ብቻ ይሆናል። ሞኝነቱ የላኪው አይደለም፤ ወንፊት ነው።

የድረ ገጽ ስም ደብዳቤ ግን ከውርሱ ታሪክ ይለያል። ሚሊዮን አያቀርብም፣ ልዑል አያስለቅስም። አሰልቺ ነው፤ ኃይሉም በአሰልቺነቱ ነው። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይመስላል። ወንፊቱም የሚለየው ስግብግቡን ሳይሆን ጥንቁቁን ነው፤ ስሙ የሚያሳስበውን፣ የወረቀት ጉዳዩን በጊዜው መጨረስ የሚወደውን፣ ማስጠንቀቂያ ሲደርሰው ችላ የማይለውን። በዚህ ማጭበርበር የሚያዝ ሰው ያልሠራውን ገንዘብ የተመኘ አይደለም፤ የሠራውን ሊጠብቅ የሞከረ ነው። ለዚህም ነው በተያዘው ሰው ላይ መሳቅ ተገቢ የማይሆነው። ሳቁ ለደብዳቤው ነው።

አድራሻዎቹ የተሰበሰቡበት መንገድም ሊታወቅ ይገባል። ለብዙ ዓመታት የድረ ገጽ ስም የሚያስመዘግብ ሰው ስሙ፣ ስልኩ፣ የፖስታና የኢሜይል አድራሻው ማንም ሊያየው በሚችል የሕዝብ መዝገብ ላይ ይሰፍር ነበር። የመዝገቡ ዓላማ ቅን ነበር፤ ችግር ሲፈጠር የድረ ገጹን ባለቤት ለማግኘት። አጭበርባሪዎች ግን እንደ ስልክ ማውጫ ገለበጡት። የአውሮፓ ኅብረት የመረጃ ጥበቃ ደንብ በግንቦት 2010 ዓ.ም. (ሜይ 2018) ሥራ ላይ ሲውል አብዛኛው የግል መረጃ ከሕዝብ ዓይን ተሰወረ፤ የቀድሞው የመጠይቅ ሥርዓትም ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ለዶት ኮምና መሰሎቹ ቦታውን ለአዲስ ሥርዓት ለቋል። ደብዳቤው ግን አልቆመም። አሮጌዎቹ ዝርዝሮች እስከ ዛሬ ይሸጣሉ፤ የድርጅቱ ኢሜይልም በራሱ ድረ ገጽ «ያግኙን» በሚለው ገጽ ላይ ተጽፎ ይገኛል።

ከዚህ የቻይና ደብዳቤ በዕድሜ የሚበልጥና እምብዛም የማያስቅ ዘመድ አለው። እሱ ማመልከቻ አይልክም፤ የክፍያ መጠየቂያ ይልካል። እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ «ዶሜይን ሬጂስትሪ ኦቭ አሜሪካ» በሚል ስም የሚጠራ፣ መሠረቱ ካናዳ የነበረ ድርጅት በሰሜን አሜሪካና በሌሎች አገራት ለሚገኙ የድረ ገጽ ባለቤቶች በፖስታ ደብዳቤ ይልክ ነበር። የባንዲራ ምልክት ያለበት፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚያስመስል ወረቀት ነው። የድረ ገጹ ስም በትክክል ተጽፏል። የማብቂያ ቀኑም ትክክል ነው። ሰውየው ከፈለ ማለት ግን ስሙን አላደሰም፤ ሳያውቀው ከነበረበት መዝጋቢ ወደዚህ ድርጅት አዛወረው፣ ዋጋውም ከለመደው እጥፍ ነበር። በ1990ዎቹ የአሜሪካ የስልክ ኩባንያዎች ደንበኛን ሳያስፈቅዱ ወደራሳቸው መስመር ሲያዛውሩ የተፈጠረው ቃል ለዚህም ተሰጠ።

የአሜሪካ ፌደራል የንግድ ኮሚሽን ጉዳዩን ፍርድ ቤት አቅርቦ በዲሴምበር 2003 ድርጅቱ ደንበኞችን ከማሳሳት እንዲታቀብ፣ እስከ 50 ሺህ ለሚደርሱ ሰዎችም ገንዘብ የሚመለስበት መንገድ እንዲኖር ተደረገ። ደብዳቤዎቹ ግን ቀጠሉ። በጁላይ 2014 አይካን ከዚሁ ስም ጋር የተያያዘውን መዝጋቢ አዳዲስ ስሞችን እንዳይመዘግብና ከሌሎች እንዳይረከብ ለሦስት ወራት ያህል አገደው። በመካከሉ፣ እ.ኤ.አ. በ2010፣ ኮሚሽኑ ሌላ የካናዳ ቡድን ላይ ከ4 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚያስከፍል ፍርድ አስወስኗል። ያኛው ቡድን ምንም አያዛውርም ነበር፤ ድረ ገጹን በፍለጋ ሞተሮች ላይ «ማስመዝገብ» የሚባል ማንም ያላዘዘውን አገልግሎት በመጠየቂያ መልክ እየላከ ይሰበስብ ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ነጋዴዎችና በጎ አድራጎት ድርጅቶች ካልከፈሉ አድራሻቸው የሚጠፋ መስሏቸው ከፍለዋል።

እነዚህ መጠየቂያዎች የተሳኩበት ምስጢር የሚደርሱበት እጅ ነው። ሥራ አስኪያጁ አያያቸውም። ወደ ሒሳብ ክፍል ይሄዳሉ፤ እዚያ ደግሞ መጠየቂያ የሚከፈል ነገር ነው። መጠኑ ትንሽ፣ ስሙ የታወቀ፣ ቀኑ የቀረበ ከሆነ ማን ይጠይቃል?

በባሕረ ሰላጤው አገራት ለሚኖር ሰው ይህ ቦታ ስስ ነው። ኑሮው በማብቂያ ቀኖች የታጠረ ነው። ኢቃማ ማብቂያ አለው፤ የንግድ ፈቃድ ማብቂያ አለው፤ የኪራይ ውል፣ የመኪና ኢስቲማራ፣ የጤና መድን ማብቂያ አላቸው። አንዱ ቀን ካለፈ ቅጣት ይከተላል፤ ከቅጣትም የከፋ ይከተላል። በእንግሊዝኛ ወይም በዐረብኛ የተጻፈ፣ ማኅተም የሚመስል ነገር ያለበት፣ «ጊዜዎ ሊያልቅ ነው» የሚል ወረቀት ሲመጣ ሳይጨቃጨቁ መክፈል የዓመታት ትምህርት ያሳደረው ልማድ ነው። አጭበርባሪው ይህን ልማድ አላስተማረም፤ አግኝቶ ይጠቀምበታል እንጂ።

ከዚህም የሚብስ አለ። የብዙ ትንንሽ ድርጅቶች፣ የማኅበረሰብ ማኅበራትና የመድረሳዎች ድረ ገጾች የተሠሩት «ኮምፒውተር የሚያውቅ ልጅ» በሚባል ሰው ነው። ልጁ ስሙን በራሱ ኢሜይል፣ በራሱ ካርድ፣ በራሱ ስም አስመዝግቦ፣ ድረ ገጹን አሳምሮ አስረክቧል። ከሁለት ዓመት በኋላ ልጁ ሥራ ቀይሯል፣ ወይም ወደ ካናዳ ተሻግሯል፣ ወይም ስልኩ ተለውጧል። ባለቤቱ ግን መዝጋቢው ማን እንደሆነ፣ ቀኑ መቼ እንደሚያልቅ፣ የይለፍ ቃሉ በማን እጅ እንዳለ አያውቅም። እንዲህ ያለ ሰው የቻይናውን ደብዳቤ ስቆ ሊያልፈው አይችልም፤ ውሸት መሆኑን በምን ይለየዋል? ከእውነተኛው መዝጋቢ የሚመጣውም ደብዳቤ ለእሱ ያው የማያውቀው ሰው ደብዳቤ ነው። አበው «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላሉ። እዚህ ግን ባለቤቱ ራሱ አጥሩ የት እንዳለ አያውቅም።

የማያውቁት ላኪ ሁሉ ደግሞ አጭበርባሪ አይደለም። ጎግል እ.ኤ.አ. በጁን 2023 የስም ምዝገባ አገልግሎቱን ለስኩዌርስፔስ እንደሚሸጥ አስታወቀ፤ ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጉ ስሞችም ወደ አዲሱ ባለቤት ተዛወሩ። ስሙን ከጎግል የገዛ ነጋዴ አንድ ቀን «ስምዎ ወደኛ ተዛውሯል፣ አካውንትዎን ያረጋግጡ» የሚል መልእክት ሰምቶት ከማያውቀው ኩባንያ ደረሰው። ይህ እውነት ነበር። «እንዲህ ያለ ኢሜይል ሁሉ ሐሰት ነው» ብሎ የሚሰርዝ ሰው በዚያ ወቅት ሊጎዳ ይችል ነበር። ስለዚህ የሚያዋጣው ሁሉን መጣል ሳይሆን መዝጋቢን በስሙ ማወቅ ነው።

እውነተኛው የእድሳት አካሄድም የታወቀ ነው። በአይካን ደንብ መሠረት መዝጋቢው ስሙ ከማብቃቱ አንድ ወር ያህል ቀደም ብሎና እንደገና አንድ ሳምንት ሲቀረው ማስታወሻ መላክ አለበት፤ ካለፈም በኋላ በአምስት ቀናት ውስጥ አንድ ጊዜ ይደግማል። ስሙ ቢሰረዝ እንኳ ባለቤቱ ከፍ ባለ ክፍያ የሚያስመልስበት የ30 ቀን ጊዜ አለ። አጭበርባሪው የ24 ሰዓት ገደብ ሲሰጥ፣ እውነተኛው ሥርዓት ከወር በላይ ትዕግሥት አለው። ዋጋውም ይለያል። ለአንድ ዶት ኮም ስም መዝጋቢዎች በጅምላ የሚከፍሉት ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ በዓመት 10.26 ዶላር ነው፤ መዝጋቢው ትርፉን ጨምሮ ቢሸጥ እንኳ መቶ ዶላር የሚያስጠይቅ ምክንያት ለመስጠት ይቸገራል። ባለቤትነታቸው የአገር የሆኑት ቅጥያዎች የየራሳቸው አስተዳዳሪ አላቸው፤ የኤምሬትሱን የአገሪቱ የቴሌኮሙኒኬሽንና ዲጂታል መንግሥት ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን፣ የኢትዮጵያውን ኢትዮ ቴሌኮም ያስተዳድሩታል። በሻንጋይ ያለ «ማዕከል» በእነዚህ ላይ የሚለው የለም።

ስም በእርግጥ የሚጠፋው በብዛት በሌባ ሳይሆን በመርሳት ነው። በዲሴምበር 1999 መጨረሻ በሚሊዮን የሚቆጠሩ የሆትሜይል ተጠቃሚዎች መግባት አቃታቸው። ምክንያቱ ማይክሮሶፍት ለመግቢያ የሚጠቀምበትን «ፓስፖርት ዶት ኮም» የተባለ ስም የእድሳት ክፍያ ሳይከፍል ማሳለፉ ነበር። ክፍያው 35 ዶላር ነው። ጉዳዩን ያስተዋለ አንድ የሊኑክስ ፕሮግራመር ከራሱ ካርድ ከፈለው፤ አገልግሎቱም ተመለሰ። በዓለም ካሉ ባለጠጋ ኩባንያዎች አንዱ የ35 ዶላር ቀን ካመለጠው፣ ሒሳቡን በአንድ ደብተር የሚይዝ የካርጎ ቢሮ ቀኑን በግድግዳው የቀን መቁጠሪያ ላይ ቢጽፍ አያሳፍረውም።

ከአስቂኞቹ ወገን የሚመደብ አንድ ሌላም አለ፤ የሚያስፈራራ ሳይሆን የሚያሞግስ። «የድረ ገጽ ስምዎን በብዙ ሺህ ዶላር ልገዛዎ እፈልጋለሁ» ይላል። ስሙ ረጅም፣ ከባለቤቱ በቀር ለማንም የማይረባ ሊሆን ይችላል፤ ገዢው ግን ቸኩሏል። አንድ ጥያቄ ብቻ አለው፦ የስሙ ዋጋ በታመነ ገማች መረጋገጥ አለበት። ገማቹንም ራሱ ይጠቁማል። ባለቤቱ የግምት ክፍያውን ይከፍላል፣ የምስክር ወረቀቱ ይመጣል፣ ገዢው ይጠፋል። የሌባ ዓይነ ደረቅ እንዲሉ፣ ምስክር ወረቀቱ ብዙ ጊዜ ከቀረበው ዋጋ በላይ ይገምታል።

የማያስቀው ግን ይህ ነው፦ የእውነተኛውን መዝጋቢ ስም፣ ዓርማና ቀለም ለብሶ የሚመጣው። ገንዘብ አይጠይቅም፤ ማስፈንጠሪያ ይሰጣል። «አድራሻዎን ካላረጋገጡ ስምዎ ይታገዳል» ይላል። ክፉነቱ እንዲህ ያለ ደንብ በእውነት መኖሩ ነው። ከ2013 ወዲህ መዝጋቢዎች የደንበኛን ኢሜይል ወይም ስልክ በ15 ቀናት ውስጥ የማረጋገጥ፣ ካልተረጋገጠም ስሙን የማገድ ግዴታ አለባቸው። ለጥበቃ የወጣው ደንብ ለአጥማጆች ካባ ሆነ። ማስፈንጠሪያውን ተጭኖ የይለፍ ቃሉን የጻፈ ሰው የሚያጣው ጥቂት ዶላር አይደለም። ወደ መዝጋቢው አካውንት የገባ ሰው ድረ ገጹን ወደፈለገበት ይመራል፤ የድርጅቱን ኢሜይል ያነባል፤ ደንበኛ የባንክ ቁጥር ሲጠይቅ የራሱን ይልካል። ለካርጎና ለጉዞ ወኪል ይህ የአንድ ወቅት ገቢ ሊሆን ይችላል። መከላከያው ቀላል ነው፤ ከኢሜይል ውስጥ አለመጫን፣ የመዝጋቢውን አድራሻ በእጅ ጽፎ መግባት፣ ማሳሰቢያው እውነት ከሆነ እዚያም ይታያል። ከይለፍ ቃል በተጨማሪ ወደ ስልክ የሚመጣ ሁለተኛ ማረጋገጫ ማብራትና የዝውውር ቁልፉን መዝጋት በአብዛኞቹ መዝጋቢዎች ዘንድ ያለ ክፍያ የሚገኝ ነው።

ሕግ የለም ማለት አይደለም። የተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ እ.ኤ.አ. የ2021 አዋጅ ቁጥር 34፣ የሳዑዲ ዐረቢያ የ2007ቱ የሳይበር ወንጀል ሕግ፣ የኢትዮጵያም የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 በኢንተርኔት ማታለልን ይቀጣሉ። የዱባይ ፖሊስ በኢንተርኔት አቤቱታ የሚቀበልበት መድረክ አለው። ላኪው ግን በአብዛኛው ከእነዚህ አገራት ድንበር ውጭ ተቀምጧል፤ ከእያንዳንዱ ሰው የሚወስደውም አንድ ዐቃቤ ሕግ ሌላ አህጉር ተሻግሮ እንዲከታተለው የማያበረታታ መጠን ነው። ማጭበርበሩ የተመዘነው በዚህ ሚዛን ይመስላል።

አንዳንዶች ሳቁን ወደ ጨዋታ ይለውጡታል፤ ለአጭበርባሪው እየመለሱ፣ የሌለ ሥራ አስኪያጅ እየፈጠሩ ጊዜውን ያባክናሉ። በኢንተርኔት ላይ ይህን ልማድ ያደረጉ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ የሚጽፉትም ያዝናናል። ለነጋዴ ግን አይመከርም። መመለስ ማለት አድራሻው ሕያው፣ አንባቢውም ያለ መሆኑን ማረጋገጥ ነው፤ ያ አድራሻ በሚቀጥለው ዝርዝር ላይ ዋጋው ይጨምራል። ሳቁ በቢሮ ውስጥ ከሒሳብ ሠራተኛው ጋር ቢሆን ይበልጥ ይጠቅማል፤ መጠየቂያው የሚደርሰው እሱ ዘንድ ስለሆነ ደብዳቤውን አንድ ጊዜ አብሮ አንብቦ የሳቀ ሠራተኛ ሁለተኛ አይከፍለውም።

አስቀድመው የከፈሉትም ቢሆኑ ሁሉ ነገር አልተቆረጠባቸውም። ክፍያው በካርድ ከሆነ ሳይውሉ ሳያድሩ ለባንካቸው አመልክተው መቃወም ይችላሉ። ስሙ የመድረሳው ወይም የቢሮው ሆኖ በድረ ገጽ ሠሪው ስም የተያዘ ከሆነ፣ ልጁ ገና ስልክ በሚያነሳበት ጊዜ ወደ ድርጅቱ አካውንት እንዲያዛውረው መጠየቅ ነው። በማታለያ ወደማይታወቅ መዝጋቢ የተወሰደ ስም ደግሞ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከዝውውሩ 60 ቀናት በኋላ፣ ባለቤቱ የዝውውር ኮዱን ጠይቆ ወደ ቀድሞ ቦታው ሊመልሰው ይችላል። መዝጋቢው ኮዱን በተጠየቀ በአምስት ቀናት ውስጥ የመስጠት ግዴታ አለበት፤ ካልሰጠም አቤቱታው በነጻ ለአይካን ይቀርባል።